አባቴ በድንጋይ ላይ ፊት ያያሉ፤ ሕመም ይሆን?

ጥያቄ፦ አባቴ የ68 ዓመት ጡረተኛ መምህር ናቸው፤ የምንኖረው ባሕር ዳር ነው። ከጣና ዳርቻ ድንጋይ እየለቀሙ ያመጡና «ይህ ጉማሬ ነው፣ ይህ ደግሞ ጺማም ሽማግሌ» እያሉ መደርደሪያ ላይ ይደረድራሉ። ጎረቤት ማማት ጀምሯል። የመርሳት በሽታ መጀመሪያ ይሆን?

መልስ፦ ከጻፉልኝ ተነሥቼ ስገምት አባትዎ ጤነኛ ናቸው። በአንጎላችን ታችኛ ክፍል፣ ወደ ኋላ በኩል፣ ፊት ስናይ ከሌላው ነገር ሁሉ ይበልጥ የሚነቃ ሥፍራ አለ። ይህ ሥፍራ ለፍርድ ይቸኩላል፤ ሁለት ቀዳዳና ከሥራቸው አንድ ስንጥቅ ካገኘ ዓይንና አፍ አድርጎ ይጨርሰዋል። በሕክምናው ፓሬይዶሊያ ይባላል፤ ሁላችንም አለብን። የጣና አካባቢ ድንጋይ ደግሞ አብዛኛው ባዛልት ነው። ቅልጡ ዐለት ሲቀዘቅዝ ውስጡ የነበረው የጋዝ አረፋ ቀዳዳ ትቶ ስለሚያልፍ፣ ዓይን የሚመስል ነገር ሞልቶበታል።

በ1976 እ.ኤ.አ. ቫይኪንግ 1 የተባለችው የጠፈር መንኮራኩር ከማርስ በላከችው ፎቶግራፍ ላይም ትልቅ የሰው ፊት ታይቶ ብዙ ተወርቶ ነበር፤ በኋላ ጥርት ያለ ምስል ሲነሣ ተራ ኮረብታ ሆኖ ተገኘ። ያኔ የተደነቁትን ሁሉ ታመሙ ያለ ሐኪም አልነበረም።

እርስዎ አንዱን ድንጋይ አንሥተው ምን እንደሆነ ይጠይቋቸው። ድንጋይነቱን ሳይዘነጉ ምስሉን በጣታቸው እያመለከቱ ካስረዱዎት፣ ሐሜተኛውን ይተዉት። ባዶ ክፍል ውስጥ ሰው ወይም እንስሳ ካዩ፣ ድንጋዩ ያናግረኛል ካሉ፣ አንድ ቀን ንቁ ሌላ ቀን ፍዝዝ የሚሉ ከሆነ፣ እርምጃቸው ካጠረ ወይም በእንቅልፍ ልባቸው እየጮኹ የሚማቱ ከሆነ ግን የነርቭ ሐኪም ይያቸው። ሌዊ ቦዲ የሚባለው የመርሳት በሽታ እንዲህ ሊጀምር ይችላል። ይህ በሽታ ያለበት ሰው እንደ ሃሎፔሪዶል ያሉ መድኃኒቶች ክፉኛ ሊጎዱት ስለሚችሉ፣ «ቅዠት አለባቸው» ብላችሁ ከፋርማሲ መድኃኒት ገዝታችሁ እንዳትሰጧቸው አደራ። መቃዠቱ በአንድ ሁለት ቀን ውስጥ ድንገት ከመጣ ደግሞ ቀጠሮ አይጠበቅም፤ በአረጋውያን ላይ የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን ብቻውን እንዲህ ሊያደርግ ስለሚችል በዚያው ቀን ይታከሙ። ዓይናቸውንም ያስመርምሩ። የዓይን ሞራ ወይም ግላኮማ እይታን ሲያደክም፣ አእምሮው ሙሉ የሆነ ሰው እንኳ የሌለ ነገር ሊታየው ይችላል።

እውነቱን ለመናገር፣ ደብዳቤዎን ሳነብ ያሳሰበኝ እግራቸው ነው። ድንጋዩን የሚለቅሙት ውኃ ውስጥ ገብተው ነው? በጣና ዙሪያ ቢልሃርዚያ አለ። ጥገኛ ትሉ ከቀንድ አውጣ ወጥቶ በውኃው ይዋኝና በደቂቃዎች ውስጥ ቆዳን በስቶ ይገባል፤ ቁስል ወይም ጭረት አያስፈልገውም። ለዓመታት ሳይታወቅ ቆይቶ አንጀትንና ጉበትን ይጎዳል፤ ሆድ ቁርጠትና ደም የቀላቀለ ተቅማጥ የሚያመጣበትም ጊዜ አለ። ስለዚህ ከደረቁ ዳርቻ ብቻ ይልቀሙ፤ መግባታቸው ካልቀረ ውኃ የማያስገባ ረጅም ቦቲ ያድርጉ። እስካሁን ሲገቡ ከነበረ በአቅራቢያዎ ጤና ጣቢያ የሰገራ ምርመራ ያድርጉ። አንድ ጊዜ ተመርምሮ አለመገኘቱ ነጻ ናቸው ማለት ስላልሆነ፣ ምልክት ካለ ይደገም። ከተገኘባቸው ፕራዚኳንቴል የሚባለው ክኒን በክብደታቸው ተመጥኖ ይሰጣቸዋል፤ አልጋ መያዝ አብዛኛውን ጊዜ አያስፈልግም።