መልስ፦ ትራንስጀንደር ታካሚ ወደ ጤና ጣቢያ ሲመጣ

ከደንበጫ የጻፉልን ጤና መኮንን፣ «ትራንስጀንደር የሆነ ሰው (ማለትም የጾታ ማንነቱ ሲወለድ ከተሰጠው ጾታ የተለየ) ለሕክምና ቢመጣ ስፔሻሊስት የሌለው ጤና ጣቢያ ምን ሊያደርግለት ይችላል?» ሲሉ ጠይቀዋል። ብዙ ሊያደርግለት ይችላል። በአሜሪካ፣ እንደ ቦስተኑ ፌንዌይ ሄልዝ ያሉ የማኅበረሰብ ጤና ማዕከላት ሰውነትን ከጾታ ማንነት ጋር የሚያቀራርበውን የሆርሞን ሕክምና ከሌላው መደበኛ ሕክምና ጋር በአንድ ጣሪያ ሥር ይሰጣሉ፤ ታካሚው ጥቅሙንና ጉዳቱን በሚገባ ተረድቶ ይስማማል፣ ሐኪሙም በደም ምርመራ ይከታተለዋል። የዓለም ጤና ጉባኤም እ.ኤ.አ. በ2019 ባጸደቀው የበሽታዎች ምደባ የጾታ ማንነት ጉዳይ ከአእምሮ ሕመሞች ምዕራፍ ወጥቷል።

በእኛ ጤና ጣቢያዎች ይህ ሕክምና ባይሰጥም፣ ሆርሞን በራሱ ገዝቶ የሚወስድ ሰው ሊገጥምዎ ይችላል። ኤስትሮጅን የተባለው የሴት ሆርሞን፣ በተለይ በሚያጨስ ሰው ላይ፣ ለደም መርጋት ስለሚያጋልጥ አንድ እግሩ ብቻ አብጦ የሚያመው ከሆነ ሳይውል ሳያድር ወደ ሆስፒታል ይላኩት። ለልብ ድካም የምናዝዘው፣ አንዳንዶች ግን የወንድ ሆርሞንን ለመግታት የሚወስዱት ስፓይሮኖላክቶን በደም ውስጥ ያለውን ፖታሲየም ከፍ ያደርጋል፤ የወንድ ሆርሞን የሆነው ቴስቶስተሮን ደግሞ ቀይ የደም ሕዋሳትን ስለሚያበዛ ሄማቶክሪት (በደም ውስጥ የቀይ ሕዋሳት ድርሻ) መታየት አለበት።

ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ ግን ካርድ ክፍሉ ነው። በሠራሁበት አንድ ጤና ጣቢያ፣ ካርድ አውጪው ስሙን ጮክ ብሎ ሲጠራውና ወረፋ የያዘው ሰው ሁሉ ዞሮ ሲያየው፣ ፊቱን በነጠላ ሸፍኖ ሳይታከም የወጣ ወጣት አይቻለሁ። በትንሽ ከተማ ወሬ ከታካሚው ቀድሞ ቤቱ ይደርሳል። ስለዚህ በካርድ ቁጥሩ ያስጠሩት፤ በሩን ዘግተው በምን ስም መጠራት እንደሚፈልግ በእርጋታ ይጠይቁት፤ በካርዱም ላይ ለሕክምናው ከሚያስፈልገው በላይ አንዲት ቃል እንኳ አይጻፉ።