ልብ ቪ8 ላይ፣ እጅ ቪትዝ ላይ

የዚህ እትም ደብዳቤዎች ከደሴ፣ ከኮምቦልቻ፣ ከከሚሴና ከወገል ጤና የመጡ ናቸው። ጠያቂዎቻችን የሚመኙት ሌላ፣ የሚነዱት ሌላ ነው። እኛም ሁለቱን በወሎ ዳገትና ቁልቁለት እየመዘንን እንመልሳለን።

ጥያቄ፦ ባለ 1.0 ሞተር አውቶማቲክ ቪትዝ አለኝ። አራት ሰው ይዤ ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ የሐረጎን ዳገት ስወጣ ሞተሩ ይጮኻል እንጂ መኪናው አይሄድም። ቪ8 ከኋላዬ ሲመጣ እንደ ቆመ ነገር ጥሎኝ ያልፋል። ጓደኞቼ ‹‹ሸጠህ ትልቅ ሞተር ያለው ግዛ›› ይሉኛል። ችግሩ የመኪናዬ ነው ወይስ የሞተሩ ማነስ?
ከደሴ፣ ቧንቧ ውሃ

መልስ፦ አብሽር፣ ግማሹ ጥፋት የአየሩ ነው። ኮምቦልቻ ከባሕር ጠለል በላይ 1,850 ሜትር ገደማ፣ ደሴ ደግሞ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናቸው። ወደ ላይ በወጣህ ቁጥር አየሩ ይሳሳል፤ ቱርቦ የሌለው ሞተርም በየ1,000 ሜትሩ ከጉልበቱ አንድ አሥረኛ ያህል ያጣል። የአንተ ባለ ሦስት ሲሊንደር ሞተር ከፋብሪካ የወጣው 70 የፈረስ ጉልበት ገደማ ይዞ ነው። ደሴ መግቢያ ላይ የሚቀረው 53 ቢሆን ነው፤ ያውም ሞተሩ ጤነኛ ከሆነ። በናፍጣ የሚሠራው ላንድክሩዘር 200፣ ማለትም ያ የምትመኘው ቪ8፣ 4.5 ሊትር ሞተሩ ላይ ሁለት ቱርቦ አለው። ቱርቦው ስሱን አየር ጨምቆ ስለሚያስገባለት ከፍታው ያን ያህል አይጎዳውም። ሁሉ ነገር የሊትር ጉዳይ እንዳልሆነ ለማየት እ.ኤ.አ. በ2021 የወጣውን ላንድክሩዘር 300 ተመልከት። የናፍጣ ሞተሩ ወደ 3.3 ሊትርና ወደ ስድስት ሲሊንደር ወርዷል፤ ጉልበቱ ግን ከቀዳሚው ይበልጣል።

እንዲህ ቢሆንም ጤነኛ ቪትዝ አራት ሰው ይዞ ሐረጎን ይወጣል። ዘገም ይላል እንጂ አይቆምም። ያንተ ከዚያ በላይ ከደከመ ከርካሹ ነገር ጀምር። የአየር ፊልትሮውን አውጥተህ ወደ ፀሐይ አዙረው፤ ብርሃን ካላሳለፈ ቀይረው። በኮምፕሬሰር የሚያስነፋ ሰው ከውስጥ ወደ ውጭ ነው ማስነፋት ያለበት። ከውጭ ከተነፋ አቧራው ወረቀቱ ውስጥ ይቀበራል። በውሃ ማጠብ ጨርሶ የለም።

ቀጥሎ ቤንዚኑን የሚያቀጣጥሉት ካንዴላና ኮይል ናቸው። ሞተሩ በቆመበት የሚንቀጠቀጥ ከሆነ እዚህ ላይ አተኩር፤ ባለ ሦስት ሲሊንደር ሞተር አንድ ኮይል ሲሞትበት የጉልበቱን ሢሶ አጣ ማለት ነው። ሞተሩን አጥፋ፣ የአንዱን ኮይል ሶኬት ንቀል፣ አስነሳ። ንዝረቱ ከባሰ ያ ኮይል ይሠራ ነበር፤ ሶኬቱን መልሰህ ወደሚቀጥለው ሂድ። ነቅለኸው ምንም ለውጥ ካላመጣ ችግሩ ያለው እሱ ሲሊንደር ላይ ነው። ኮይሉን ከጎረቤቱ ጋር ቀያይረው። ችግሩ አብሮት ከሄደ ኮይሉ ነው፤ እዚያው ከቀረ ካንዴላውን እይ። ይህን ሁሉ በአጭር ጊዜ ጨርስ፤ ሳይቃጠል የሚወጣው ቤንዚን ጭስ ማውጫው ላይ ያለውን ማጣሪያ ያበላሻል።

ሦስተኛው ካምቢዮው ነው። ብዙው አውቶማቲክ ቪትዝ ሲቪቲ፣ ማለትም በጥርስ ማርሽ ፋንታ በብረት ቀበቶ የሚሠራ ካምቢዮ፣ ነው ያለው። ሲቪቲ የሚቀበለው ለእሱ ተብሎ የተሠራ ዘይት ብቻ ነው፤ ተራ የአውቶማቲክ ካምቢዮ ዘይት ከተሞላበት ቀበቶው መንሸራተት ይጀምራል። ‹‹ይጮኻል እንጂ አይሄድም›› ያልከውም ይህንኑ ይመስላል። ዘይት የቀየረልህ ሰው ምን እንደሞላ ጠይቅ፣ ጣሳውንም አሳየኝ በል። በመጨረሻ፣ ጥቂት ነድተህ ስትቆም መዳፍህን ሳታስነካ ወደ አራቱም ቸርኬ አስጠጋ። አንዱ ከሌሎቹ የሚፋጅ ከሆነ ፍሬኑ ይዟል፤ ዳገቱን የምትወጣው ፍሬን ይዘህ ነው ማለት ነው።

ቁልቁለቱን ሳንነግርህ አንለፍ። ነዳጅ ለመቆጠብ ብሎ ማርሹን ዜሮ አድርጎ ሐረጎን መውረድ ኪሳራ ነው። ኢንጀክተር ያለው መኪና በማርሽ ሲወርድ፣ እግርህ ከነዳጁ ላይ ከተነሣ፣ ቤንዚኑን ጨርሶ ይዘጋል። ዜሮ ላይ ስታደርገው ግን ሞተሩ እንዳይጠፋ ማቃጠሉን ይቀጥላል፤ ፍሬኑም ብቻውን ይቀራል። ሲቪቲህ ‹‹ቢ›› የሚል ቦታ ካለው ለቁልቁለት የተሠራው እሱ ነው። የፍሬን ዘይት በየሁለት ዓመቱ ይቀየር። ዘይቱ ከአየር እርጥበት ይጠጣል። ዶት 4 የሚባለው አዲስ ሲሆን የሚፈላው ከ230 ዲግሪ በላይ ነው፤ እርጥበት ሲጠጣ ግን ይህ እስከ 155 ሊወርድ ይችላል። ዘይቱ ሲፈላ ፔዳሉ እስከ ወለል ይገባል፣ መኪናው ግን አይቆምም። ቪ8ም ከዚህ አያመልጥም፤ ክብደቱ ከቪትዝ እጥፍ ስለሚበልጥ ፍሬኑ የሚሸከመው ሙቀትም እጥፍ ነው።

ስለዚህ ለሐረጎ ብለህ ቪ8 አትመኝ። አንድ ዘይት ለውጥ ከ9 ሊትር በላይ ይፈልጋል፣ ያንተ 3 ሊትር ገደማ ነው፤ ኢንጀክተሩ ስምንት ነው፤ ጎማው ባለ 18 ቸርኬ ነው። የግድ እቀይራለሁ ካልክ ባለ 1.3 ሞተር ማንዋል ያሪስ ለዚህ መንገድ ይበቃሃል።

ጥያቄ፦ ልጄ ግድግዳው ላይ የፎርድ ሙስታንግ ፎቶ ለጥፎ ‹‹ሳድግ እሱን ነው የምነዳው›› ይለኛል። እውነት እኛ አገር ይነዳል?
ከኮምቦልቻ

መልስ፦ ከኮምቦልቻ ከሚሴ ባለው አስፋልት ምን ይከለክለዋል? ሰው ሁሉ ‹‹መሬት ለመሬት ነው የሚሄደው›› ይላል፤ ከመሬት ያለው ከፍታ ግን 14 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው፣ ከቪትዝ ብዙም አያንስም። ችግሩ ርዝመቱ ነው። የፊትና የኋላ ጎማው እጅግ ስለሚራራቅ የመንገድ ጉብታ ላይ ሆዱ ይነካል፣ ረጅም አፍንጫውም ቀድሞ ይመታል። እ.ኤ.አ. ከ2018 እስከ 2023 የተሠራው ባለ 5.0 ሊትር ሞተር 460 የፈረስ ጉልበት አለው፣ ግን ቱርቦ የለውም። ደሴ ሲደርስ እንደ ጎረቤቱ ቪትዝ ሩቡን አስረክቦ 345 ገደማ ይቀረዋል። ለልጅዎ ይህንን ይንገሩት፣ ይስቃል። ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ በነዳጅ የሚሠራ አውቶሞቢል ወደ አገር ማስገባት ስለተከለከለ ምኞቱን ወደ ኤሌክትሪክ ቢያዞር ሳይሻለው አይቀርም።

ጥያቄ፦ ያሪሳችንን ሸጠን የኤሌክትሪክ መኪና ልንገዛ ነው፤ የቆየ ምኞታችን ነው። ባለቤቴ ለሥራ በየቀኑ ኮምቦልቻ ይመላለሳል። አንዳንዴም አዲስ አበባ እንሄዳለን። ዳገቱን ይችላል? ቤት ውስጥስ ቻርጅ ይደረጋል?
ከደሴ፣ ሆጤ

መልስ፦ ዳገቱን በተመለከተ ይረጋጉ። የኤሌክትሪክ ሞተር አየር አይተነፍስም፤ ከፍታ ጉልበቱን አይቀንስበትም። ሒሳቡን እንሥራው። ሰው ጨምሮ 1,800 ኪሎ የሚመዝን መኪና ከኮምቦልቻ ደሴ ለመውጣት ለከፍታው ብቻ ከ3 ኪሎዋት ሰዓት ትንሽ በለጥ ያለ ኃይል ይፈልጋል። ለርቀቱ የሚፈጀው ሌላ 3 ገደማ ሲጨመር 6 ወይም 7 ይሆናል። ሲወርድ ሞተሩ ራሱ ኃይል እያመነጨ ወደ ባትሪው ስለሚመልስ ከ1 ብዙ አይበልጥም። ደርሶ መልሱ በድምሩ 8 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ነው። ለ60 ኪሎዋት ሰዓት ባትሪ ይህ ምንም አይደለም።

አንድ ነገር ግን ሻጩ ላይነግራችሁ ይችላል። ባትሪው መቶ በመቶ ሞልቶ ከደሴ ቢወርዱ የሚመነጨው ኃይል መግቢያ የለውም። መኪናው በሞተሩ መያዙን ያቆማል፣ ቁልቁለቱ ሁሉ በፍሬን ሸራው ላይ ይወድቃል። ስለዚህ በመኪናው ስክሪን ላይ የቻርጁን ጣሪያ 85 ወይም 90 በመቶ ላይ ያድርጉት። ባትሪው ኤልኤፍፒ የሚባለው ዓይነት ከሆነ አምራቹ አልፎ አልፎ እስከ መቶ ሙሉት ሊል ይችላል። ያንን ደሴ ውስጥ ብቻ ለምትውሉበት ቀን አስቀምጡት።

ለቤት፣ 8 ኪሎዋት ሰዓት ለመሙላት ውድ ቻርጀር አያስፈልግም። በ10 አምፒር፣ 2.2 ኪሎዋት ማለት ነው፣ ብክነቱን ጨምሮ 4 ሰዓት ይበቃል። የሚያስፈልገው ከቆጣሪው በቀጥታ የመጣ፣ የራሱ ብሬከር ያለው፣ 2.5 ሚሊ ሜትር ካሬ የመዳብ ገመድና ጥሩ ሶኬት ነው። ኤክስቴንሽን አይጠቀሙ። ከግማሽ ሰዓት በኋላ ሶኬቱን ዳበስ ያድርጉ፤ ለብ ካለ ምንም አይደለም፣ ካቃጠለ ግን አምፒሩን ቀንሰው ኤሌክትሪሻን ይጥሩ። የ32 አምፒር ቻርጀር ካማራችሁ ገመዱ 6 ሚሊ ሜትር ካሬ ይሁን።

ከሁሉ የሚያሳስበን የመሬት ገመዱ ነው። ብዙ ቤት አርዲንግ የለውም፤ ቻርጀሩም ያንን ሲያውቅ ቀይ መብራት አብርቶ እምቢ ይላል። አንዳንድ ባለሙያ ነኝ ባይ ሶኬቱ ውስጥ ኒውትራሉን ከአርዲንጉ ጋር አገናኝቶ ቻርጀሩን ‹‹ያታልላል››። አንድ ቀን የኒውትራሉ መስመር ሲበጠስ የመኪናው አካል በሙሉ ኤሌክትሪክ ይይዛል፤ በሩን የነካ ሰው ይመታል። ትክክለኛው መንገድ የመዳብ ዘንግ መሬት ውስጥ ማስቀበርና በመሣሪያ ማስለካት ነው።

አዲስ አበባ ሌላ ጉዳይ ነው። መንገዱ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ስትሄዱ ከባዱ ከሸዋ ሮቢት ቆላ ተነሥቶ፣ ከባሕር ጠለል በላይ ከ3,000 ሜትር በላይ ወዳለው ጣርማ በር የሚያስወጣው ዳገት ነው። ከደሴ ስትነሡ እሱን መውጣት ለከፍታው ብቻ 10 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ይበላል። በቻይና መለኪያ 500 ኪሎ ሜትር ይሄዳል የተባለ መኪና ላይ ከሩብ እስከ ሢሶ ቀንሱ፤ ስለዚህ መንገድ ላይ አንድ ጊዜ ሳትሞሉ ለመድረስ አታስቡ። ከመነሣታችሁ በፊት የምትቆሙበት ጣቢያ መሥራቱንና ሶኬቱ ከመኪናችሁ ጋር መግጠሙን በስልክ አረጋግጡ። ለቻይና ገበያ የተሠሩት መኪናዎች ፈጣን ቻርጅ የሚቀበሉት ጂቢ/ቲ በሚባለው ሶኬት ነው፤ የአውሮፓው ሲሲኤስ አይገባላቸውም።

ጥያቄ፦ ባጃጅ ነው የምሠራው። ሐሳቤ ዶልፊን ሚኒባስ ገዝቼ ከሚሴ–ኮምቦልቻ መሥራት ነው። ያገለገለ ስገዛ ምኑን ልይ?
ከከሚሴ

መልስ፦ መጀመሪያ ሕዝብ 1 መንጃ ፈቃድ አውጣ። ከዚያ ሞተሩ ሳይነሣ፣ ቀዝቃዛ ሆኖ፣ ሂድ። ባለቤቱ ‹‹አሙቄ ጠበቅሁህ›› ካለህ ሌላ ቀን ተመለስ። የዶልፊን ሞተር ከፊት ወንበር ሥር ስለሆነ ወንበሩን ማስገልበጥ ይኖርብሃል። የራዲያተሩን ክዳን ክፈትና አስነሣ። ውሃው ውስጥ ሳያቋርጥ አረፋ ከወጣ የቴስታታው (የሞተሩ ራስ) ጋርኒሲዮን፣ ማለትም ማሸጊያው፣ ሄዷል፣ ወይም ቴስታታው ተሰንጥቋል። አሮጌ የናፍጣ ዶልፊን ዋና በሽታው ይህ ነው። የክዳኑ ጎማ ደርቆ ከሆነ ቀይረው፤ ደሴ ከፍታ ላይ ተራ ውሃ በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል፣ ከዚያ በላይ እንዲቆይ የሚያደርገው የክዳኑ ግፊት ነው።

ጥያቄ፦ እህል ነጋዴ ነኝ። አይሱዙ አለኝ፤ ለራሴ ግን ሃርድቶፕ ላንድክሩዘር መግዛት እፈልጋለሁ። አንድ ሰው ከፕሮጀክት የወጣ አግኝቶልኛል። አዲሱ ሃይሉክስ ይሻላል የሚሉም አሉ።
ከደላንታ፣ ወገል ጤና

መልስ፦ ለእርስዎ አካባቢ ሃርድቶፑን እንመርጣለን፤ ምክንያታችንም ናፍጣው ነው። አዲሱ ሃይሉክስ ነዳጁን የሚረጨው ከ2,000 ባር በላይ በሆነ ግፊት ነው። በጀሪካን የሚሸጥ ናፍጣ ውስጥ ያለች ትንሽ ውሃ ኢንጀክተሮቹን ትበላለች። የሃርድቶፑ ባለ 4.2 ሊትር 1ኤችዜድ ሞተር ግን በሜካኒካል ፖምፓ የሚሠራ ነው፤ ውሃ አይወድም፣ ግን በቀላሉ አይሞትም፣ ሲታመምም የገጠር መካኒክ ያውቀዋል። ጉልበቱ 130 ፈረስ ገደማ ነው፣ ቱርቦም የለውም፤ ደጋ ላይ እንደሚደክም ይወቁ። ዳገት ላይ ጥቂት ጥቁር ጭስ ቢያወጣ አያስደንግጥዎ፣ አየሩ ሲሳሳ ናፍጣው ስለሚበዛበት ነው። ሰማያዊ ጭስ ግን ዘይት ማቃጠል ነው።

ሞተሩ ሞቆ ቆሞ እየሠራ የዘይት መሙያውን ክዳን ፈትተው ገልብጠው ቀዳዳው ላይ ያስቀምጡት። ከዘለለ ወይም ከወደቀ የፒስተን ፋሻዎቹ አልቀዋል። የታይሚንግ ቀበቶው በ100,000 ኪሎ ሜትር ይቀየራል። የተቀየረበት ደረሰኝ ከሌለ በቃል አይመኑ፤ በገዙ ማግስት ከነማወጠሪያው ያስቀይሩት፣ ከተበጠሰ ቫልቮቹን ያጣምማል። ከፊት ጎማዎች ጀርባ ያለችውን የብረት ኳስ ይመልከቱ። ቅባቱ ወፍራም ሆኖ መቀባቱ ጥሩ ነው፤ ቀጥኖ ወደ ጎማው ከወረደ የውስጥ ዘይት ማገጃው አልቋል። የፊት ጎማ መቆለፊያዎቹን በእጅዎ ወደ ‹‹ሎክ›› አዙረው ከባዱን ማርሽ ይሞክሩ፣ ይህን ግን አፈር ላይ እንጂ አስፋልት ላይ አያድርጉት።

የሻንሲ ቁጥሩ ከፊት በስተቀኝ ባለው የሻንሲ ብረት ላይ ተመትቷል። ጭቃውን ፍቀው ከሊብሬው ጋር ፊደል በፊደል ያስተያዩ፤ ዙሪያው የብየዳ ምልክት ካለበት ይተዉት። ከፕሮጀክት ወጣ የተባለ መኪና ብዙ ጊዜ ከቀረጥ ነፃ የገባ ነው፤ ለግለሰብ ሲተላለፍ ቀረጡ መከፈል አለበት። ካልተከፈለ ስም አይዛወርልዎትም። ደላላው ‹‹እሱ ቀላል ነው፣ በኋላ ይጨረሳል›› ካለዎት፣ የጉምሩክ ክፍያ ደረሰኙ እጅዎ እስኪገባ ድረስ ቀብድም አይስጡ።