ለዳታቤዝ ጀማሪዎች፦ ከማካፈላችሁ በፊት

በደብረ ማርቆስ፣ በቡሬና በባሕር ዳር የዳታቤዝ ሥራ የጀመራችሁ ልጆቼ፣ ዕድሜዬን በዚህ ሙያ ያሳለፍሁ እንደ መሆኔ ከሁሉ አስቀድሜ አደራ የምላችሁ ስለ ሙሉ ቁጥር ማካፈል ነው። ፖስትግሬስ ወይም ኤስኪዩኤል ሰርቨር የተባለውን የዳታቤዝ ፕሮግራም 7 ለ2 ሲካፈል ስንት ነው ብላችሁ ብትጠይቁት 3 ይላችኋል፤ ሁለቱም ቁጥሮች ኢንቲጀር (ሙሉ ቁጥር) ስለሆኑ ውጤቱም ኢንቲጀር ይሆንና ክፍልፋዩ ሳይጠጋጋ ይጣላል። ማይኤስኪዩኤልና ኦራክል ግን 3.5 ይሰጣሉ፤ ስለዚህ በአንዱ የለመዳችሁትን ሳትፈትሹ ወደ ሌላው አትውሰዱ።

ጉዳቱ ጎልቶ የሚታየው መቶኛ ሲሰላ ነው። በሰኔ ለበቆሎ የሚሆን ማዳበሪያ የሚያሰራጭ አንድ የቡሬ የገበሬዎች ማኅበር ከተረከበው 60 ኩንታል 45ቱን ለአባላቱ አደለ እንበል። ጀማሪው «45 / 60 * 100» ብሎ ቢጽፍ ስሌቱ ከግራ ስለሚጀምር 45 ለ60 ተካፍሎ 0 ይወጣል፤ 0 በ100 ቢባዛም ያው 0 ነው፤ ሪፖርቱም ለገበሬው አንድ ኩንታል እንኳ አልደረሰም ይላል። «45 * 100 / 60» ቢል 75 ባገኘ ነበር። ይሁንና ማባዛትን ማስቀደም ብቻውን ሁልጊዜ አይበቃም፤ የተረከበው 70 ኩንታል ቢሆን 64 ብሎ የቀረውን ይጥለዋልና፣ ክፍልፋዩ ከተፈለገ በ100 ፈንታ 100.0 ጻፉ፣ ወይም አንዱን ቁጥር በካስት (የቁጥርን ዓይነት በሚለውጠው ትእዛዝ) ወደ ዴሲማል፣ ማለትም ክፍልፋይ ወደሚይዝ ቁጥር፣ ለውጡ። ማሽኑ ስሕተት አለ ብሎ ቢቆም ኖሮ ባልሰጋሁ፤ የሚያስጨንቀኝ ዝም ብሎ ማለፉ ነው፤ ያንን 0 አምኖ የሚወስን ኃላፊ አለና። ኤስኪዩኤል ሰርቨር የኢንቲጀር አምድ አማካይ ሲያወጣም እንዲሁ ክፍልፋዩን እንደሚጥል እወቁ።

ገንዘብን በሳንቲም ቆጥሮ በኢንቲጀር መያዝ አጥብቄ የምደግፈው አሠራር ነው። ነገር ግን 1,000 ብር ለ3 አባላት ሲከፈል ለእያንዳንዱ 33,333 ሳንቲም ይደርስና 1 ሳንቲም ይተርፋል፤ ቀሪውን በ«%» ምልክት (እዚህ መቶኛ ሳይሆን የማካፈል ቀሪ ማለት ነው) አውጡት፣ ለማን እንደሚሰጥም ማኅበሩ አስቀድሞ ይወስን። ተራው ኢንቲጀር ከ2,147,483,647 በላይ አይይዝም፤ በሳንቲም ሲታሰብ ይህ ከ21.5 ሚሊዮን ብር ያንሳል፣ ለአንድ ትልቅ ዩኒየን የበቆሎ ሽያጭ ደግሞ አይበቃም። ፖስትግሬስ ድምሩን ራሱ ወደ ቢግኢንት (ከተራው የሚበልጥ ቁጥር ወደሚይዘው ኢንቲጀር) ያሰፋዋል፤ ኤስኪዩኤል ሰርቨር ግን ስለማያሰፋው እዚያ ላይ አምዱን ከመደመራችሁ በፊት በካስት ወደ ቢግኢንት ለውጡት።