መልስ፦ ሃሚንግበርድ ለምን አልመጣልኝም?

እህቴ፣ ሜሪላንድ ጓሮሽ የሰቀልሽው የሃሚንግበርድ (የአበባ ወለላ የምትመጥ ትንሽዬ የአሜሪካ ወፍ) መመገቢያ ላይ ሁለት ሳምንት ሙሉ ወፍ ዝር አላለም፣ ውስጡ ያለውም ደፈረሰ ብለሻል። ከደፈረሰማ ተበላሽቷል፤ ዛሬውኑ ድፊው።

ከሱቅ የሚገዛውን ቀይ ፈሳሽ ተይው። አንድ ኩባያ ነጭ ስኳር በአራት ኩባያ ውሃ በጥብጠሽ፣ ሲቀዘቅዝ ጨምሪበት። ቀለም አያስፈልግም፤ የመመገቢያው ቀይ ክዳን ይበቃል። ማር እንዳትሞክሪ! ማርና ውሃ ፀሐይ ላይ ሲከርሙ ምን እንደሚሆኑ ጠጅ የሚያውቅ አይጠይቅም።

ዕቃውን ስትገዢ የተዘቀዘቀ ጠርሙስ የሚመስለውን ሳይሆን እንደ ሳህን ጠፍጠፍ ያለውን ምረጪ። የኔ የመጀመሪያው ጠርሙስ ነበር። አንገቱ ውስጥ ጥቁር ሻጋታ ያዘ፣ ብሩሽ አልገባ አለኝ፣ ጣልኩት። በበጋው ሙቀት በየሁለት ቀኑ በሙቅ ውሃ አጥበሽ አዲስ ቀይሪ። እውነቱን ለመናገር ሥራ አለው።

ጠዋት ፀሐይ፣ ከሰዓት ጥላ የሚያገኝ ቦታ ጥሩ ነው። መስኮት አጠገብ ከሆነ ከአንድ ሜትር አይራቅ፤ ወፎቹ ከመስታወቱ ጋር በኃይል እንዳይጋጩ። ጉንዳን እንዳይወርድበት ከላዩ ውሃ የያዘች ትንሽ ኩባያ አንጠልጥይ እንጂ ዘይት አትቀቢ።

በእናንተ በኩል ኤፕሪል ላይ መጥተው ኦክቶበር መጀመሪያ አካባቢ ይሄዳሉ። አንዱ ሌላውን እያባረረ ካስቸገረሽ፣ ሁለተኛ መመገቢያ ከዓይኑ ራቅ አድርገሽ፣ ከቤቱ ጀርባ ስቀዪ።