የጎደጎደ ሊሾ ላይ የእንጨት ወለል፦ ስፖንጅ መደረብ መፍትሔ አይሆንም

ጥያቄ፦ ሐዋሳ፣ ከሐይቁ ብዙም ያልራቀ የድሮ ቤት አለኝ። ሳሎኑ 4 በ5 ሜትር ነው። ሊሾው መሃሉ ጎድጉዷል። ባለ 8 ሚሊ ላሚኔት (ከተጨመቀ እንጨት የተሠራ ተገጣጣሚ ወለል) ላለብሰው ስል ሻጩ «ከሥሩ የሚነጠፈውን ስፖንጅ ደርበው ያንጥፉት፣ ይስተካከላል» አለኝ። ይሆናል? ወይስ ሌላ እንጨት ልምረጥ?

መልስ፦ እባክዎ አይደርቡ። ስፖንጅ በተረገጠ ቁጥር ይጨመቃል እንጂ ጉድጓድ አይሞላም። ላሚኔቱ በተለመጠ ቁጥር ጫናው ወንዴና ሴቴ መጋጠሚያው ላይ ያርፋል፤ መጀመሪያ ይንቋቋል፣ ቆይቶ ይሰበራል። ከ2 እስከ 3 ሚሊ የሆነ አንድ ንጣፍ ስፖንጅ ይበቃል።

ከምርጫው በፊት ርጥበቱን ይፈትሹ። ለሐይቅ ቅርብ በሆነ ሰፈር ከጉድጓዱ ይልቅ የሚያሳስበኝ እሱ ነው፤ የድሮ ቤት ከሊሾው ሥር ብዙ ጊዜ ፕላስቲክ የለውም። 1 ሜትር በ1 ሜትር ፕላስቲክ አንጥፈው አራቱንም ጠርዝ በፕላስተር ያሽጉና ከ2 እስከ 3 ቀን ይተዉት። ከሥሩ ጤዛ ከያዘ ወይም ሊሾው ከጠቆረ፣ ውሃ ከመሬት እየወጣ ነው። በበጋ ደረቅ የመሰለ ወለል በክረምት ሊያታልልዎ ስለሚችል በዝናብ ወቅት መፈተኑ ይመረጣል። ርጥበት ካለ በኮላ የሚጣበቅ ፓርኬት አይግዙ፤ አብጦ ይነቀላል። ለላሚኔትም ባለ 0.2 ሚሊ ፕላስቲክ 20 ሳንቲም እያደራረቡ ከሥር ያንጥፉ። ጠብታ ካዩ ግን እንጨቱን ትተው ሴራሚክ ያድርጉ።

ቀጥሎ 2 ሜትር ቀጥ ያለ የአሉሚኒየም ዘንግ በየአቅጣጫው ያጋድሙ። ከሥሩ ከ3 ሚሊ በላይ ክፍተት ካለ ወለሉ መስተካከል አለበት። ወለሉ ወደ አንድ ጎን ቢያዘነብል ግን፣ ዘንጉ ከዳር እስከ ዳር እስከነካ ድረስ ለላሚኔት ችግር የለውም፤ የሚፈልገው ደልዳላ ወለል እንጂ ውሃ ልክ የጠበቀ አይደለም። ይህን ባለማወቅ ደህናውን ሊሾ የሚያስፈነቅሉ አሉ።

ጉብታውን በግራይንደር ያስልጡ። እስከ 1 ሳንቲም የሚደርስ ጉድጓድ ላይ አቧራውን ጠርገው፣ ፕራይመር (አጣባቂ ቅብ) ቀብተው፣ ፈስሶ ራሱን የሚያስተካክለውን ዱቄት በውሃ በጥብጠው ያፍስሱ። ለ1 ካሬ በ1 ሚሊ ውፍረት 1.7 ኪሎ ገደማ ይወስዳል፤ ስለዚህ 20 ካሬ በአማካይ 5 ሚሊ ቢሞላ 170 ኪሎ፣ ማለትም ባለ 25 ኪሎው 7 ከረጢት ነው። በዚህ ፈንታ ስስ የሲሚንቶና አሸዋ ድብልቅ አያስደርጉ፤ የለሰለሰ ሊሾ ስለማይዘው ተሰነጣጥቆ ይላቀቃል።

ጉድጓዱ ከ2 ሳንቲም ካለፈና እውነተኛ ጣውላ ከፈለጉ፣ ሞራሌ በየ40 ሳንቲሙ ዘርግተው፣ ክፍተቱን በሽብልቅ አስተካክለው ባለ 2 ሳንቲም ጣውላ ይምቱበት። ሞራሌው አስቀድሞ የምስጥ መድኃኒት ይቀባ፤ ፕላስቲኩም ከሥሩ አይቅር። ወለሉ ከ6 እስከ 7 ሳንቲም ስለሚነሳ በሩ መቆረጡ አይቀርም።

ለእርስዎ ቤት፣ ፈተናው ደረቅ ከሆነ፣ ያሰቡት ላሚኔት ይበቃል። ብክነትን ጨምሮ 22 ካሬ ይግዙ፤ ካርቶኑን ሳይከፍቱ 2 ቀን ሳሎን ውስጥ ያሳድሩት። በግድግዳው ዙሪያ 1 ሳንቲም ክፍተት ይተዉ፣ ዞኮሎውንም (የግድግዳ ግርጌ ማስጌጫውን) በግድግዳው ላይ እንጂ በላሚኔቱ ላይ አይምቱ።