ብረት ለባሹ ቦዲጋርድ በሰዓት ስንት ይከፈለው?

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ እንዴት ሰነበቱ? አሥራ ሁለት ዓመት የሞላው ልጅ አለኝ፤ ሲስል ነው የሚውለው። አሁን ደግሞ የራሱን ኮሚክ ጀምሯል። ጀግናው የብረት ልብስ አለው፣ ይበራል፣ ግን ኪሱ ባዶ ነው። የቤት ኪራይ ሲያጣ ቦዲጋርድ ሆኖ ይቀጠራል። ትናንት ማታ ወጥ እየሠራሁ መጣና “ማሚ፣ ቦዲጋርድ በሰዓት ስንት ያገኛል? ላይሰንስ ያስፈልገዋል? ብረቱን ለብሶ ሥራ መግባት ይችላል?” አለኝ። እኔ ምን አውቃለሁ! አባቱ ሴኩሪቲ ነው፤ ግን ሌሊት ሠርቶ ቀን ስለሚተኛ አንቀሰቅሰውም። እርስዎ ሥራውን ያውቁታል ሲባል ሰምቼ ነው የጻፍኩት።
ወ/ሮ ሰ.፣ ከአሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ

መልስ፦ እህቴ፣ አሥራ አንድ ዓመት አርሊንግተን ውስጥ አንድ ሕንፃ ሎቢ ላይ ሌሊት ተቀምጫለሁ። ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ እንቅልፍ ሲጥለኝ ያተረፈኝ ቡና አልነበረም፤ አንዱ ተከራይ ቤት ሲለቅ ቆሻሻ ክፍል ውስጥ ጥሎት የሄደው አንድ ካርቶን አሮጌ ኮሚክ ነው። ስለዚህ ልጅሽ ሁለቱንም የሚያውቅ ሰው አግኝቷል።

ሐሳቡ የዋዛ እንዳይመስልሽ። ብረት ለባሹ የአሜሪካ ኮሚክ ጀግና አይረን ማን እ.ኤ.አ. በ1963 ብቅ ሲል ባለጸጋው ቶኒ ስታርክ ማንነቱን የደበቀው በዚሁ ዘዴ ነው፤ “ያ ብረት ለባሽ ደመወዝ የምከፍለው የግል አጃቢዬ ነው” እያለ። ጌታው ሲኖር አጃቢው የለም፣ አጃቢው ሲመጣ ጌታው የለም። ይህ ለዓመታት እንዴት እንዳልተነቃ እኔ እስከ ዛሬ አይገባኝም። የኔ ሱፐርቫይዘር ቢሆን በሁለተኛው ቀን “ፖስትህን ጥለህ የት ሄድክ?” ብሎ ይደውል ነበር። በ1980ዎቹ መጨረሻ ላይማ ስታርክ አይረን ማንን ከሥራ አባረርኩት ብሎ ለዓለም አወጀ። ራሱን ማለት ነው። በ2008 በወጣው ፊልም መጨረሻም የመንግሥት ሰዎች ያንኑ የአጃቢ ወሬ በካርድ ጽፈው ሰጡት፤ እሱ ግን ጋዜጠኞች ፊት ቆሞ እኔው ነኝ አለና አረፈው።

የኔ ቅሬታ እዚህ ላይ ነው። የኛ አገር ጋሻ ጃግሬ ጋሻውን የሚሸከመው ለጌታው ነው። ስታርክ ግን ጌታውም ጋሻ ጃግሬውም ራሱ ነበር፤ ደመወዙ ከቀኝ ኪሱ ወጥቶ ግራ ኪሱ ይገባል። አንድም ቀን ኪራይ አስጨንቆት አያውቅም። የልጅሽ ጀግና ግን ለሌላ ሰው ሊቆም ነው የሚሄደው፤ ታሪኩን የሚያጓጓው ይኸው ነው። ብረቱን የለበሰው ሰው እንደማይሞት ሁሉም ያውቃል። ከጎኑ በስስ ሸሚዝ የሚሄደው ደንበኛስ? ጥይት ብረቱ ላይ ነጥሮ ወዴት ይሄዳል? ይህን አንድ ገጽ ሙሉ ይሣለው።

ላይሰንሱን በአጭሩ። በኛ ቨርጂኒያ ሎቢ የሚጠብቅና ሰው የሚያጅብ አንድ አይደሉም። እኔ ለጥበቃው የ18 ሰዓት ትምህርት ነበር የወሰድኩት፤ በኋላ ለግል አጃቢነቱ ሌላ 60 ሰዓት ተቀምጫለሁ። አሻራም ይሰጣል። ጀግናው ማንነቱን የሚደብቅ ከሆነ እንግዲህ ችግሩ እዚሁ ይጀምራል፤ በብረት ጓንት አሻራ አይነሣም። ታሪኩ ኒውዮርክ ከሆነ ደግሞ ግዛቲቱ በ2022 ጥይት መከላከያ ለተወሰኑ ሙያዎች ካልሆነ እንዳይሸጥ ከልክላለች። ጋራዥ ውስጥ ራሱ ቀጥቅጦ የሠራውን ምን እንደሚሉት ጠበቃ ይጠይቅ።

ብረቱን ለብሶ መግባት ይችላል ወይ ላለው ግን ዝም ብዬ አላልፍም፤ ጥይት መከላከያ ሰደርያውን ለብሼዋለሁና። የኛ ጥሩር ኬቭላር ከሚባል ጠንካራ ሰው ሠራሽ ክር የተሠራ ነው። ኬቭላርን በ1965 ዱፖንት ኩባንያ ውስጥ ያገኘችው ስቴፋኒ ክዎሌክ የምትባል ኬሚስት ናት። ከሸሚዝ ሥር የሚለበሰው ለስላሳው ዓይነት የሽጉጥ ጥይት ያቆማል፣ ጠመንጃ ግን ያልፈዋል፤ ለጠመንጃ ከፊትና ከኋላ ጠንካራ ሰሌዳ ይጨመርበታል፣ ያኔ ወገብሽ ያውቀዋል። ለጥይት የተሠራው ጩቤን አያቆምም፤ ብዙ ሰው ይህን አያውቅም፣ ልጁ ለታሪኩ ቢጠቀምበት ደስ ይለኛል። ነሐሴ ላይ መኪና ውስጥ አራት ሰዓት ተቀምጠሽበት ስታወልቂው ቬልክሮው ቸርርር ይላል፣ ከውስጥ ያለው ካናቴራ በሰደርያው ቅርጽ ልክ ርሷል፣ ከእጅጌው በቀር የደረቀ ቦታ የለውም። ሽታውን ተይው። ባለቤቴ አንድ ቀን እንዳለ ላውንድሪ ውስጥ ልትከተው ስትል ጮኬባታለሁ፤ የሚታጠበው ሽፋኑ ብቻ ነው፣ ውስጡ ያለው ንጣፍ ወጥቶ በእርጥብ ጨርቅ ይጠረጋል እንጂ በረኪና ከነካው አለቀለት። ፀሐይም ይጎዳዋል።

አይረን ማንም ቢሆን መጀመሪያ ላይ በትራንዚስተር የሚሠራ፣ ጉልበቱ ሲያልቅ ግድግዳ ላይ ሶኬት ፈልጎ የሚሰካ ሰው ነበር። መብራት እየጠፋብን ያደግን ሰዎች ይህን ስናነብ ጀግናውን ወዲያው እንወደዋለን። የመጀመሪያው ልብሱ ደግሞ ድፍን ግራጫ ነበር፤ ሕዝቡ ስለ ፈራው በሁለተኛው ታሪኩ ወርቅማ ቀባው፣ በዚያው ዓመት መጨረሻ ቀይና ወርቅማ ሆነ። ይህን አጃቢ ሁሉ ሊያውቀው ይገባል። እኔን ሠርግ ቤት ጥቁር መነጽር አድርጌ ሲያዩኝ እናቶች ልጆቻቸውን ወደ ጉያቸው ይስቡ ነበር፤ መነጽሩን ኪሴ ስከተው ክትፎ ቀረበልኝ።

ሥራው ምን ይመስላል ካለሽ፣ መቆም ነው። አንድ ጊዜ አንድ ዘፋኝ ለእንቁጣጣሽ ኮንሰርት መጥቶ ለሁለት ቀን አጅቤዋለሁ። ከሁለቱ ቀናት አብዛኛው ያለፈው የሆቴል ኮሪደር ላይ፣ የበረዶ ማሽኑ ጎን ነው። ማሽኑ በየጥቂት ደቂቃው ጎርርር ብሎ በረዶ ሲጥል በመጀመሪያው ሰዓት እደነግጥ ነበር፣ በስድስተኛው ሰዓት ጓደኛዬ ሆነ። ወደ ኋላ መውጫ የሚወስደውን ደረጃ ሁለቴ ወርጄ ቆጥሬዋለሁ፣ የወጥ ቤቱን በር ማን እንደሚቆልፈው ጠይቄያለሁ። ሰው ያልመታሁት፣ ያልሮጥኩት ለዚያ ነው። ልጁ ግን ኮሪደሩን በስድስት ሣጥን ከፋፍሎ፣ በየሣጥኑ ያው ሰው ያው ቦታ ቆሞ፣ የባትሪው ቁጥር ብቻ እየቀነሰ ቢሥለው ሥራውን የሚያውቅ አንባቢ ሁሉ ይስቃል። የእግሩን ነገር ለአባቱ ይተወው፤ ጠዋት ጫማውን ሲያወልቅ አጠገቡ ተቀምጦ ይጠይቀው፣ ያኔ ገና አልተኛም።

ወደ ገንዘቡ ልምጣ። እኔ ሎቢ ስጀምር በሰዓት 12 ዶላር ነበር። አጃቢነቱ ይሻላል፣ ግን አንድ ቀን አለ፣ ሦስት ሳምንት የለም። ለዚያ ዘፋኝ የሠራሁበትን የመጨረሻ 150 ዶላር አዘጋጁ “ነገ በጠዋት” እንዳለኝ ስልኩ ጠፋ። እስከ ዛሬ ጠዋት አልሆነም። በዚህ ነገር ከኮሚኩ ሰዎች ሁሉ የሚገባኝ ሉክ ኬጅ ነው። በ1972 የጀመረ፣ ብረት ሳይለብስ ቆዳው ጥይት የሚመልስ፣ ኒውዮርክ 42ኛው መንገድ ላይ ከሲኒማ ቤት በላይ ቢሮ ተከራይቶ በክፍያ የሚሠራ ጀግና ነው። ዶክተር ዱም የሚባለው፣ ላትቬሪያ የምትባል የኮሚክ አገር ገዢ ቀጥሮት 200 ዶላር ሳይከፍለው አገሩ ገባ። ሉክ ኬጅ መንኮራኩር ተውሶ ባሕር ተሻግሮ ቤተ መንግሥቱ ድረስ ሄደ፤ ለ200 ዶላር! የመንኮራኩሩ ነዳጅ ስንት እንደሚፈጅ አላሰበም። እኔ ያንን ያነበብኩ ሌሊት ሎቢ ውስጥ ብቻዬን አጨብጭቤያለሁ።

ስለዚህ የልጅሽ ጀግና ወረቀት ሳይፈራረም እንዳይነሣ፤ ግማሹን በቅድሚያ ይቀበል፣ የትርፍ ሰዓቱ ይጻፍ፣ ብረቱ ቢጨረመት ማን እንደሚያሠራው ይጻፍ። ምግብም ይጨመርበት፤ ጥሩሩን እንደ ለበሰ መብላት ይችል እንደሆነ አላወቅሁም፣ አፉ ላይ መክፈቻ ይሥልለት። ሲያልቅ ፎቶ አንሥተሽ ላኪልኝ።