«ቀጣይ! ሲስተም የለም አልኩ እኮ!»

ጥያቄ፦ እትዬ፣ እንደምን ሰነበቱ? መገናኛ አካባቢ ባለ የባንክ ቅርንጫፍ ቴለር ነኝ። 4 ዓመት ሠርቻለሁ። በክረምቱ የ6 ዓመት ልጄን የምትይዝልኝ ሰው ጠፍቶ አንድ ቀን ሥራ ቦታ ይዣት ዋልኩ። ባለፈው ሳምንት አሻንጉሊቶቿን ደርድራ «ቀጣይ! ሲስተም የለም አልኩ እኮ!» ስትል ሰማኋት። ድምፁ የኔው ነው። ደነገጥኩ። ከባልደረቦቼ ጋርም ሻይ ላይ፣ ምሳ ላይ ወሬያችን ምሬት ብቻ ነው። ብዙ ቀን አምሽተን ነው ሂሳብ የምንዘጋው፤ የትርፍ ሰዓት ግን ሲላቸው ይከፍሉናል፣ ሲላቸው ይተዉታል። መለወጥ እፈልጋለሁ። ዝም ካልኩ ግን የሚረግጡኝ ይመስለኛል። ምን ላድርግ?

መልስ፦ ልጄ፣ ደብዳቤሽን ሁለቴ አነበብኩት። እኔም ጡረታ እስክወጣ 22 ዓመት ከመስኮት ኋላ ተቀምጫለሁ። ያንን «ቀጣይ!» አሳምሬ አውቀዋለሁ።

መስከረም 2013 ብር ሲቀየር አንቺ ገና አልተቀጠርሽም። አሮጌውን 10፣ 50 እና 100 ብር ለመለወጥ የተሰጠው ጊዜ 3 ወር ነበር። የ200 ብር ኖት የመጣውም ያኔ ነው። ሰልፉ ከበር አልፎ አስፋልት ይደርስ ነበር። አንድ ቀን ተራቸው የደረሰ እናት ብራቸውን ከመቀነታቸው መፍታት ጀመሩ። ቋጠሮው ጠብቆ እምቢ አላቸው። «ቶሎ ይበሉ እንጂ፣ ሰው እየጠበቀ ነው!» ብዬ ጮህኩባቸው። ቀና ብለው አዩኝና «ልጄ፣ እሱን ለመቋጠር ስንት ዓመት እንደፈጀብኝ አታውቂም» አሉኝ። መልስ አጣሁ። ኖቶቹ በላብ ረጥበው ተጣጥፈው ነበር። አንድ በአንድ እያቃናሁ ቆጠርኩላቸው። ማታ ቤት ገብቼ እህል አልወረደልኝም።

ከዚያ ቀን ጀምሬ ደግ ሰው ሆንኩ ብልሽ እዋሻለሁ። አንዲት ነገር ብቻ ለወጥኩ። ኔትወርክ ሲቋረጥ አቀርቅሬ «ሲስተም የለም» ማለቱን ተውኩ። ከወንበሬ እነሳና ለሁሉም እናገራለሁ፦ «ኔትወርክ ተቋርጧል። ደውለናል። መቼ እንደሚመለስ አልነገሩንም። ጉዳይ ያለው ደርሶ ይምጣ፣ ተራው አይነካም። አቅም የሌላችሁ ወንበር ላይ አረፍ በሉ።» ጩኸቱ ወዲያው ይበርድ ነበር። ሰው የሚቆጣው ስለቆመ ብቻ አይደለም፣ የሚነግረው ሲያጣ ነው። ነገ ሞክሪው።

የሻይ ሰዓቱን አትሽሺ። ባልደረቦችሽ እንደጠላሻቸው ያስባሉ፤ ደግሞም እነሱም ደክሟቸው ነው። ወሬው እዚያው ሲሽከረከር ግን «ታዲያ ይሄን ለማን እንንገረው?» በያቸው። ሰሚ የሚገኝለት ከሆነ ወደዚያው ይሂድ። ካልሆነ ስለ ልጆቻችሁ አውሩ።

የትርፍ ሰዓቱን ነገር ግን ከምሬት ጋር አትደባልቂው። እሱ የላብሽ ዋጋ ነው። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የትርፍ ሰዓት ሥራ በቀን ከ4፣ በሳምንት ከ12 ሰዓት እንዳይበልጥ ይላል። ከንጋቱ 12 ሰዓት እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት ባለው ጊዜ ለሠራሽው የመደበኛ የሰዓት ክፍያሽ በ1.5 ተባዝቶ ይከፈልሻል። ትንሽ ደብተር ግዢ። ቀኑን፣ የወጣሽበትን ሰዓት፣ አምሹ ያለውን ሰው ጻፊ። ወሩ ሲያልቅ ሥራ አስኪያጁን ለብቻቸው አግኝተሽ በጽሑፍ ስጫቸው። በትሕትና፣ ግን ጉዳዩን ሳታለሳልሺ። እንዲህ የጠየቀ ሰው ዝም አላለም፣ ማንንም አልሰደበም።

አንድ ነገር ልጨምርልሽ። ማታ ብር የጎደለባት ባልደረባ ስታዪ ቦርሳሽን አንስተሽ አትውጪ። አንድ ጊዜ 500 ብር ጎድሎብኝ እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር። አንዲት ልጅ ካፖርቷን አውልቃ አጠገቤ ተቀመጠች። እስሩን ሁሉ ፈተን እንደገና ቆጠርን። አንዱ የ50 ብር እስር ውስጥ 10 ኖት ተርፎ ተገኘ። ስንወጣ ከምሽቱ 2 ሰዓት አልፎ ነበር፤ ልጅቷ ቤቷ ሩቅ ነበር። ያደረገችልኝ እስካሁን ከልቤ አልወጣም።

ቅዳሜ ልጅሽ አሻንጉሊቶቿን ስትደረድር አንቺም ሰልፍ ያዢ። ተራሽ ሲደርስ «እንደምን ዋልሽ፣ የኔ እመቤት» በያት። ምን እንደመለሰችልሽ ጻፊልኝ፣ እጠብቃለሁ።